ልጆቻችን የት ይጫወቱ? ስለ ቢሾፍቱ ስታዲየም በአንድ ማዕድ ላይ የተደረገ ክርክር

ስለ ቤት አያያዝና ስለ ልጆች አስተዳደግ በሚነገርበት በዚህ ዓምድ ስለ ኳስ ሜዳ ስናነሣ አንዳንዶቻችሁ ትገረሙ ይሆናል። ነገር ግን ልጅ በእናቱ ጕልበት ላይ ቢያድግም፤ እግሩን የሚያጠናው፥ ተራ መጠበቅን የሚለምደው፥ ያለ ቂም መሸነፍን ያለ ትዕቢትም ማሸነፍን የሚማረው ከደጅ ወጥቶ ከእኩዮቹ ጋራ በሚሮጥበት ስፍራ ነው። ስለዚህ የሜዳ ነገር የማዘጋጃ ቤት ጉዳይ እንደ ሆነ ሁሉ የእናትና የአባትም ጉዳይ ነው።

ከጥቂት ሳምንት በፊት አንድ ወዳጃችን ልጃቸውን ድረው፤ ለመልሱ ግብዣ ወደ ቢሾፍቱ ተጠርተን ሄደን ነበር። ምሳው ተበልቶ ቡናው በቀረበ ጊዜ እንግዶቹ ስለ ከተማይቱ እድገት መጫወት ጀመሩ። ከነገር ወደ ነገር ሲተላለፍም «ለቢሾፍቱ በመካከልዋ አዲስ ታላቅ ስታዲየም ያስፈልጋታል ወይስ አያስፈልጋትም?» የሚል ጥያቄ ተነሣና ማዕዱ በሁለት ተከፈለ። ክርክሩ ለብዙዎች የሚጠቅም ሆኖ ስላገኘነው እንደ ሰማነው እንጽፈዋለን።

በመጀመሪያ የተናገሩት በመንግሥት ሥራ ብዙ ዘመን ያገለገሉ አንድ ሹም ናቸው። ንግግራቸውም እንዲህ የሚል ነበር፤

«ከተማ እንደ ሰው ነው፤ እንግዳ የሚቀበልበት አዳራሽ ያስፈልገዋል። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በባቡሩና በፍጥነት መንገዱ አጠገብ የተቀመጠች፥ ሆራን፥ ባቦጋያንና ኩሪፍቱን የመሳሰሉ ሐይቆች ያስጌጧት፥ የአየር ኀይላችን መኖሪያ የሆነች ከተማ ናት። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአቅራቢያዋ ለታሰበው ታላቅ የአውሮፕላን ማረፊያ የንድፍ ውል ተፈራርሟል፤ ይህም በመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ በዓመት 60 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ የታቀደ ነው። ዓለም ወደ ደጃችን ሲመጣ የምናሳየው ሜዳ ሊኖረን አይገባምን?

«ደግሞስ ስታዲየም የአገር ክብር መሆኑን ከታሪክ እንወቅ። በጥር 1954 ዓ.ም. ሦስተኛው የአፍሪቃ ዋንጫ በአዲስ አበባ ስታዲየም ሲደረግ፤ ኢትዮጵያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ፥ የቡድኑ አለቃ ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀብሏል። ያን ቀን ያየ ሰው እስከ ዛሬ ይተርከዋል። አሁን ግን ምን ላይ ደረስን? የአፍሪቃ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ስታዲየሞቻችን ከመዐርጉ አልደረሱም ብሎ ስለ ከለከለ፤ ብሔራዊ ቡድናችን የቤቱን ጨዋታ በሰው አገር ሲጫወት ኖረ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጋናን የተቀበልነው በጆሐንስበርግ ነው። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አግብተው ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው በማላዊ ከተማ በሊሎንግዌ ነው። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ደግሞ ያንኑ የግብፅን ቡድን በሞሮኮ ተቀበልን። ልጅን በጎረቤት ቤት መዳር ማለት ይህ ነው። እንግዲህ ከተሞቻችን እያንዳንዳቸው ታላቅ ስታዲየም ቢሠሩ ይህ ነውር ከላያችን በተነሣ ነበር።»

ሹሙ ይህን ተናግረው በፈጸሙ ጊዜ ብዙዎቹ «እውነት ነው» አሉ። ከማዶ ተቀምጠው የነበሩ አንድ በጡረታ የተሰናበቱ መምህር ግን ፈገግ ብለው እንዲህ ሲሉ መለሱ፤

«ጌታዬ፥ ስለ ክብር የተናገሩትን እቀበላለሁ። ነገር ግን የባሕር ዳር ስታዲየም በአገራችን ካሉት ታላላቆች አንዱ ሆኖ ሳለ ጨዋታው ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሰው አገር የሄደው የተመልካቹ ስፍራ ጠቦ አይደለም። ቡድኖች ልብስ የሚቀይሩበት ክፍልና ይህን የመሳሰለው የውስጥ ጓዝ ስለ ጐደለ ነው። ስለዚህ ያጣነው ግዝፈትን ሳይሆን አያያዝን ነው። በአዲስ አበባም አደይ አበባ የተባለው ከ60 ሺሕ ሰው በላይ እንዲይዝ የታሰበው ብሔራዊ ስታዲየም ሥራው በ2008 ዓ.ም. ተጀምሮ፤ ዘጠኝ ዓመት ቈይቶ እንኳ በ2017 ዓ.ም. ቡድናችን በሞሮኮ ነበር። ታላቅ ነገር መጀመር ቀላል ነው፤ መፈጸምና መጠበቅ ግን ሌላ ነው። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፥ ሲይዙት ያደናግር ይባል የለምን?

«አሁን ደግሞ ሒሳቡን እንይ። 16 ቡድኖች በሚወዳደሩበት ሊግ አንድ ቡድን በገዛ ሜዳው በዓመት የሚጫወተው 15 ጊዜ ብቻ ነው። ዓመቱ 365 ቀን ነውና 350ውን ቀን በሩ ተቈልፎ ይውላል። ሣሩ ውኃ፥ ዘበኛው ደመወዝ፥ ጣራው ቀለም መጠየቁን ግን አይተውም። ከእኛ ወዲያ ማዶ አዲስ አበባ፥ ወዲህ ማዶ ደግሞ የአዳማ ስታዲየም አለ፤ ከሁለቱም በአንድ ሰዓት መንገድ ያህል እንገናኛለን። በመካከል ሌላ ሦስተኛ ብንጨምር ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆንብናል። በብራዚል አገር በአማዞን ዱር መካከል ማናውስ የምትባል ከተማ አለች፤ በፈረንጅ አቈጣጠር በ2014 ለዓለም ዋንጫ ከ40 ሺሕ ሰው በላይ የሚይዝ ስታዲየም ሠርታ አራት ጨዋታ ብቻ አስተናገደች። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ የከተማይቱ ቡድኖች ሊሞሉት አልቻሉም።

«በዚህ ፈንታ የአርሲዋን በቆጂን ተመልከቱ። ታናሽ ከተማ ናት፤ ታላቅ ስታዲየም ኖሯት አያውቅም። አሠልጣኙ ስንታየሁ እሸቱ ልጆቹን የሚያስሮጣቸው በአፈር ሜዳና በባሕር ዛፍ መካከል ነበር። ከዚያች ስፍራ ግን በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10 ሺሕ ሜትር ወርቅ ያገኘችው ደራርቱ ቱሉ፥ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ማራቶንን ያሸነፈችው ፋጡማ ሮባ፥ በ2000 ዓ.ም. በቤዢንግ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ወርቅ የወሰዱት ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ወጡ። ሯጩን የሚያወጣው ሜዳው ነው፤ ስታዲየሙ የሚያሳየው ከወጣ በኋላ ነው።»

ሹሙም ሳይቈጡ «መምህር፥ መልካም ተናገሩ፤ ነገር ግን እነዚያ የበቆጂ ልጆች ወርቁን የተቀበሉት በታላላቅ ስታዲየም ውስጥ ነው። የሚያሳየው ስፍራ ባይኖር ማን ያውቃቸው ነበር? ሕፃኑስ ታላቁን ካላየ ታላቅ ለመሆን እንዴት ይመኛል?» ብለው መለሱ። ይህም ነገር እውነት ስለ ሆነ መምህሩ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ።

በዚህ መካከል የባለቤቶቹ ታናሽ ልጅ፥ ዕድሜው አሥር ዓመት የሚሆን፥ ጕልበቱ ተልጦ ደም እየነካው ገባ። እናቱ ደንግጠው «የት ወደቅህ?» ብለው ቢጠይቁት፤ «መንገድ ላይ ነው እማዬ፤ ኳሱ ከጭነት መኪናው ሥር ሊገባ ሲል ሮጬ ያዝሁት» አለ። «ስንት ጊዜ መንገድ ላይ አትጫወቱ አላልሁህም?» ቢሉት፤ «የምንጫወትበት ቦታ ታጥሯል እኮ፤ ሌላ የት እንሂድ?» ብሎ መለሰላቸው። በቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። ኳሱን የያዘው እጁ ከመኪናው ጎማ ምን ያህል ርቆ እንደ ነበር እያንዳንዱ በልቡ ያስብ ነበርና።

እመቤቲቱም የልጃቸውን ጕልበት እያጠቡ ወደ ሹሙ ዘወር ብለው እንዲህ አሉ፤ «ጋሼ፥ እርስዎም መምህርም የተናገራችሁት ሁሉ መልካም ነው፤ እኔ ስለ ሊግም ስለ ዋንጫም ብዙ አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ስታዲየሙ ተሠርቶ ቢያልቅ፤ ይህ ልጅ ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በበሩ ይገባልን? እኅቱስ? እርሱ ወንድ ነውና ክልክል ቢሆን እንኳ መንገድ ላይ ወጥቶ ይጫወታል። እርስዋ ግን ለመንገድ አትሆንም ተብላ ቤት ትቀመጣለች። መምህር አሁን ከጠሩዋቸው አራት ጀግኖች ሦስቱ ሴቶች ናቸው፤ የእኔ ልጅ ግን የምትሮጥበት መቶ ሜትር መሬት የላትም።»

ሹሙ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቈዩና «እመቤት፥ ይህን አላሰብሁትም ነበር» አሉ። ክርክሩም በዚህ ተፈጸመ።

እንግዲህ እኛ ከዚህ ክርክር የተረዳነውን ለአንባቢዎቻችን ብንገልጽ መልካም ይመስለናል። ቢሾፍቱ ስታዲየም አያስፈልጋትም አንልም፤ የሚያስፈልጋት ግን በተራው ነው። ቤት የሚሠራ ሰው ከጣራው አይጀምርም። የከተማ ስፖርት መሠረቱ የሰፈርና የትምህርት ቤት ሜዳ ሲሆን፤ ስታዲየም በዚያ ላይ የሚከደን ጣራ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሰፈሮቹ ሜዳ ይለይ። ሙሉ የእግር ኳስ ሜዳ 105 ሜትር በ68 ሜትር ነው፤ ይህም 7,140 ካሬ ሜትር ማለት ስለ ሆነ አንድ ሄክታር እንኳ አይሞላም። ለአንድ ታላቅ ስታዲየም፥ ለመኪና ማቆሚያውና ለዙሪያው አሥር ሄክታር ቢታሰብ፤ በዚያው ልክ መሬት ዙሪያቸው ጭምር ተቈጥሮ አሥር ሜዳዎች ይወጡበታል። ለሕፃናት ደግሞ የዚህ እኩሌታ ይበቃቸዋል። እነዚህ ሜዳዎች ግን በቃል ብቻ «የልጆች ነው» ቢባሉ አይጸኑም፤ በከተማው ፕላን ተመልክተው፥ ካርታ ወጥቶላቸው፥ ወሰናቸው ሊታወቅ ይገባል። ባለቤት የሌለው ባዶ ቦታ በከተማ ውስጥ ዕድሜው አጭር ነውና።

ሁለተኛም ስታዲየሙ ሲሠራ እንደ አቅም ይሁን። 400 ሜትር የመሮጫ መም፥ ደልዳላ ሣር፥ ንጹሕ የልብስ መቀየሪያና መጸዳጃ፥ የሕክምና ክፍል፥ አንድ ወገን ጣራ ያለው የተመልካች ስፍራ ለመጀመሪያ ይበቃል። ከተማይቱ ስታድግ የሚጨመርበት ቦታ በዙሪያው ይተውለት። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች በመሆንዋ ሯጭ ሊሠለጥንባት የምትመች ናትና መሙ ከወንበሩ ብዛት ይልቅ ይጠቅማታል።

ሦስተኛም ስፍራው በማስተዋል ይመረጥ። ሕፃን በእግሩ ሄዶ የሚደርስበት ታናሹ ሜዳ በከተማው መካከል ይሁን፤ ብዙ ሰውና ብዙ መኪና የሚሰበስበው ታላቁ ግን ወደ ባቡሩና ወደ ታላቁ መንገድ ይጠጋ። የሐይቆቹ ዳርቻ፥ ይልቁንም በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ በሚውለው እሑድ ኢሬቻ የሚከበርበት ሆራ አርሰዲ፤ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ ሊታሰብ አይገባም።

አራተኛም የመሠረት ድንጋይ ከመጣሉ በፊት የጥበቃው ገንዘብ በየዓመቱ ከየት እንደሚመጣ ይጻፍ። በሩ የሚከፈትበት ሰዓትም ይጻፍ፤ በየዕለቱ ለሕፃናት፥ ከዚያውም ለልጃገረዶች የተለየ ሰዓት ይኑረው። የዘወትር በር የሌለው ስታዲየም ለልጆቻችን ከአጥር የተሻለ ነገር አይሆንላቸውም።

በዚህ ዓምድ አንባቢዎች መካከል በመሬትና በፕላን ላይ ብዕራቸው የሚሠራ ብዙ ክቡራን እንዳሉ እናውቃለን። እነርሱን የምንለምነው አንድ ነገር ነው። ስታዲየም ዛሬ ባይሠራ ከአሥር ዓመት በኋላ ሊሠራ ይቻላል፤ ዛሬ የተሸነሸነ የልጆች ሜዳ ግን ከአሥር ዓመት በኋላ ቤት ተሠርቶበት ስለሚገኝ በምንም ዋጋ አይመለስም። በቢሾፍቱ ዙሪያም ወደ ፊት የመሬቱ ዋጋ እየናረ መሄዱ የማይቀር ስለ ሆነ የመለየቱ ጊዜ አሁን ነው። ወላጆችንም የምንመክረው፤ በሚመጣው ቅዳሜ ልጃችሁን፥ ወንዱንም ሴቷንም፥ «የት ነው የምትጫወቱት?» ብላችሁ ጠይቁና አብራችሁ ሄዳችሁ ስፍራውን በዐይናችሁ እዩ።

ማታ ከግብዣው ስንወጣ ያው ልጅ ጕልበቱ በጨርቅ ታስሮ፥ ሁለት ድንጋይ ጎል አድርጎ፥ ከጓደኞቹ ጋራ በደጁ መንገድ ላይ ቆሞ ነበር። ሹሙ መኪናቸውን ካስነሡ በኋላ አቆሙና ልጆቹ ጨዋታቸውን እስኪፈጽሙ ድረስ ቈዩ። ጨዋታው ሲያልቅ ልጁን ጠርተው ቀድሞ የሚጫወቱበት፥ አሁን የታጠረው ቦታ በየት በኩል እንደ ሆነ ጠየቁት፤ እርሱም በጣቱ አሳያቸው። ሹሙም መኪናቸውን በዚያው በኩል አዞሩ።