እርጥብ ቤት

ከእንግሊዝኛ የተረጎምኳትን አንዲት ግጥም በአንድ የንባብ ምሽት ላይ አነበብኩ። ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ለብቻው የሚኖርበት ቀዝቃዛ ቤት ነው ነገሩ፤ ግድግዳው «ዳምፕ» ነው። መዝገበ ቃላቱን አምኜ «እርጥብ ቤት» አልኩት። ንባቡ ሲያበቃ አንዲት ጠና ያሉ እናት ቀረብ ብለው፣ «ልጄ፣ ለመሆኑ ቤቱ ለምን በዓል ነው ቄጤማ የተጎዘጎዘበት?» አሉኝ። ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ ለቀቀኝ።

እናቲቱ ልክ ነበሩ። በአማርኛ እርጥበት በአብዛኛው ምርቃት ነው። ገድ ያለውን ሰው «እግረ እርጥብ» እንላለን፤ ደስ ያሰኘን ነገር አንጀታችንን ያርሳል። ነውሩ ያለው ከድርቀት ዘንድ ነው፤ ኀፍረት የሌለው ሰው «ዓይነ ደረቅ» መባሉን ያስታውሷል። እንግሊዞች ዘንድ ተገላቢጦሽ ነው። ዝናቡ ተለምኖ የሚመጣ አይደለም፤ የጡብ ቤታቸው ከመሬት ሽቅብ ውሃ ይስባል። ልፍስፍሱን ሰው «ዌት» ይሉታል፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የማርጋሬት ታቸር የኢኮኖሚ ፖሊሲ የከበዳቸው የገዛ ፓርቲያቸው ሰዎች የተሰደቡት በዚሁ ቃል ነበር። ጨዋታ አዋቂውን ደግሞ «ደረቅ» ብለው ያሞግሱታል። (የሚገርመው፣ «ሂዩመር» የሚለው ቃላቸው ራሱ ከላቲን የመጣና መነሻው እርጥበት ማለት መሆኑ ነው።)

እንግሊዝኛው ዌት፣ ዳምፕ፣ ሞይስት፣ ሂዩሚድ፣ ዳንክ እያለ ሲዘረዝር አማርኛ ሁሉንም «እርጥብ» ብሎ ይጨርሳል የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። አልስማማም። የጨረሰው መዝገበ ቃላቱ እንጂ ቋንቋው አይደለም። እኔም ቀድሞ ቃላቱ የሚለያዩት በውሃው መጠን ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ይበልጥ የሚለያቸው እርጥበቱ መፈለጉና አለመፈለጉ እንደሆነ አምናለሁ። ዳምፕ ያልተጠራ እንግዳ ነው፤ አንሶላ ውስጥ፣ ግድግዳ ላይ ይገኛል። ቃሉ ቀድሞ ትነት፣ በከሰል ጉድጓድ ውስጥም አደገኛ ጋዝ ማለት ነበር፤ ሃምፍሪ ዴቪ በ1815 (እ.ኤ.አ.) የማዕድን ቆፋሪዎችን መብራት የሠራው «ፋየርዳምፕ» የሚሉት ጋዝ እየተቀጣጠለ ሰው ስለፈጀ ነው። ያ ፍርሃት ዛሬም ከቃሉ ጨርሶ የወጣ አይመስለኝም። ዳንክ ደግሞ ይብሳል፤ ጨለማና የምድር ቤት ሽታ አለበት።

ሞይስትን ያስተማረኝ እንጀራዬ ነው። በባንክ መስኮት ብር በእጅ ስቆጥር ጣቴን የማስነካት ስፖንጅ አለች። ውሃ ከበዛባት ብሩን ታበሰብሰዋለች፤ ከደረቀች ሁለት ኖት ተጣብቆ እንደ አንድ ይቆጠራል፤ የጎደለው የሚሞላው ደግሞ ከእኔው ኪስ ነው። ልክ የሆነችው ስፖንጅ ሞይስት ናት፤ የተፈለገ፣ የተመጠነ እርጥበት። ቾሰር በ14ኛው ክፍለ ዘመን አዲስና ለስላሳ ጫማን በዚህ ቃል ገልጿል። ምስኪን ቃል! በ2016 (እ.ኤ.አ.) ፕሎስ ዋን በተባለው መጽሔት የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ከ5 ተሳታፊዎች 1 ያህሉ እንደሚጸየፉትና ምክንያቱም ከድምፁ ይልቅ ከሰውነት ፈሳሽ ጋር ያለው ዝምድና እንደሆነ አሳይቷል።

የእኛዎቹስ? ዝናብ የመታው ሰው ይበሰብሳል፤ መሬት ይርሳል፤ እንስራ ይወረዛል፤ የተመቸው ፊት ይወዛል። ከዚሁ ወዝ ነው «ወዛደር» የተበጀው፤ አንድ ዘመን ሙሉ በሰልፍ ስንጠራው ውስጡ ላብ እንዳለ ስንቶቻችን ሰማነው? ይህን ሁሉ በእጃችን ይዘን ቋንቋው ጠበበን ስንል ያሳዝነኛል።

ግጥሟን አስተካክያለሁ። ግድግዳው አሁን «የወረዛ» ነው፤ ትኩሳት ሲለቀው በላብ እንደወረዛ ግንባር፣ ቄጤማ የማያስታውስ። የቀረኝ ሟቿ ትጋግረው የነበረው ኬክ ነው፤ ገጣሚው «ሞይስት» ይለዋል። «የራሰ» ብለው ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል፤ «ወዛም» ብለው ቅቤ ይበዛበታል። ለጊዜው «ያልደረቀ» ብዬ ትቼዋለሁ። እኚያን እናት ዳግም ባገኛቸው እጠይቃቸዋለሁ።