የአበሻ ዶሮ ሰነፍ ናትን?

«የአበሻ ዶሮ ሰነፍ ናት» ሲባል በየምግብ አዳራሹ እንሰማለን። ማስረጃም አይጠፋም፤ የፈረንጅ እንቁላል ጣይ ዶሮ በዓመት ከ280 በላይ ስትጥል የኛይቱ ከ40 እስከ 60 ብቻ ነው። የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ስለ ዶሮ ምን አገባቸው የሚል ጓደኛ ቢኖር፥ ወጡን አብረን እንደምንበላ እናስታውሰዋለን። ደግሞም ከመካከላችን ብዙዎች ደብተርና እርሳስ የገዛነው እናቶቻችን ከሸጡት እንቁላል ነው፤ ስለዚህ ስሟ በከንቱ ሲጠፋ ዝም አንልም።

ለመሆኑ እንቁላሉን ያሳነሰው ምንድን ነው? ዶሮይቱ ከ12 እስከ 15 ያህል ትጥልና ትታቀፋለች፤ በ21 ቀን ትፈለፍላለች፤ ከዚያም ጫጩቶቿን ከጭልፊት እየጠበቀች ሁለት ሦስት ወር ታሳድጋለች። ይህን ሦስቴ ወይም አራቴ ስትደጋግመው ዓመቱ አለቀ። ከፈረንጅቱ ዶሮ ግን የመታቀፍ ጠባይ በብዙ ትውልድ ምርጫ ስለ ወጣ ትጥላለች እንጂ አትታቀፍም፤ መፈልፈያ መኪና ይተካላታል። መብራት በሌለበት መንደር እርሷን አድሎ መሄድ ባላገሩን በየጊዜው ሌላ እንዲገዛ ማስገደድ ነው። ባላገሯ ሴት ይህን ከማንም ይበልጥ ታውቃለች፤ እንቁላል ስትሻ የታቀፈችውን ዶሮ ቁልቁል ሰቅላ ወይም ጎረቤት ወስዳ ታስተዋታለች፤ ጫጩት ስትሻ ግን ትተዋታለች። ስንፍና የተባለው እንግዲህ የእናትነት ሥራ ነው።

መላጣ በምትባለው፥ አንገቷ ላባ በሌለው ዶሮ የሚስቁ አሉ። ላባውን ያስቀረው አንድ ዘረ መል ነው፤ በቆላ አገር ሙቀቱ ከገላዋ ቶሎ እንዲወጣ ይረዳታል። ያንን ጠባይ በገንዘብ ከውጭ የሚገዙ አገሮች ሞልተዋል፤ እኛ ጓሮ ውስጥ አለ።

ይህን ስንል ዘሩ እንዳለ ይቆይ ማለታችን አይደለም። በደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል በአውሮፓ አቆጣጠር በ2008 የሆሮን ዶሮዎች በእንቁላል ብዛትና በክብደት እየመረጡ ማራባት ተጀመረ። ከጥቂት ትውልድ በኋላ የእንቁላሉ ብዛት ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ የባሕር ማዶ ዘር ሳይጨመርበት ነው።

በየመንደራችን የሚደረገው ምርጫ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ቶሎ የደረሰው፥ ደልደል ያለው፥ ቀዩና አናቱ ድርብ የሆነው አውራ ዶሮ ገበያ ወጥቶ ይታረዳል። ደቃቃው ገዢ አጥቶ ይመለስና ለመንደሩ ዶሮዎች ሁሉ አባት ይሆናል! ከዚህ በኋላ ጫጩቶቹ አነሱ፥ እንቁላሉ ጎደለ ብሎ ማማረር ምን ይባላል?

ለመጪው በዓል ወደየቤታችን የምንሄድ ጓደኞች፥ አባታችን ትልቁን አውራ ዶሮ ሲይዙ «ይህስ ለዘር ይቅር» ብለን እንለምናቸው። ፈንግል ሳይገባም ክትባት እንዲያስከትቡ እንንገራቸው። ወጡ ከሌላው ይሠራ፤ ትንሽ ቢቀጥንም እንችለዋለን፤ የዚህን ምግብ ቤት ወጥ የለመደ ሰው ምን ያስፈራዋል።