ቤንዚን የሚያንጠባጥብ ሞቶር ከቤት ሲያድር



በዚህ ገጽ ስለ ሕፃናት አያያዝ፥ ስለ ወጥ ቤት ንጽሕናና ስለ ልብስ አጠባበቅ መጻፍ የተለመደ ነው። ዛሬ ስለ ሞቶር ቢስክሌት ስንጽፍ ግን «ይህስ ለጋራዥ እንጂ ለቤት ምኑ ነው?» የሚል አይጠፋም። በጅማ ከተማ በበቾ ቦሬ የሚኖር ሰው ግን እንዲህ አይልም። በዚያ አገር ዝናቡ ብርቱ፥ ክረምቱም ረጅም ነውና፥ ሌባም ይፈራልና፥ ሞቶሩ ሲመሽ ወደ ሳሎን ይገባል፤ ሲነጋም ባለቤቱን ተሸክሞ ወደ ማና ወይም ወደ አጋሮ የቡና መንገድ ይወጣል። ከቤተ ሰቡ ጋራ የሚያድር ከሆነ ጠባዩን ማወቅ የቤተ ሰቡ ነገር ነው።

ባለፈው ክረምት ከዚሁ ሰፈር ከአንድ ወዳጄ ቤት ለቡና ተጠርቼ ሄድሁ። ቄጠማው ተጎዝጕዞ፥ ረከቦቱ ቀርቦ፥ ከሰሉም ፍም ሆኖ ሳለ ቤንዚን ሸተተኝ። ዞር ብል ሞቶሩ ከግድግዳው ተጠግቶ ቆሟል፤ ከካርቡራቶሩ ሥር ከተንጠለጠለችው ቀጭን ቱቦም ጠብ ጠብ ይላል። እመቤቲቱ «ይህስ ሦስት ቀኑ ነው፤ ጨርቅ እያነጠፍንለት ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ቡናው ተረሳ። ምድጃው በጓሮ በር፥ ሞቶሩም ሳይነሣ እየተገፋ በፊት በር ወጣ፤ መስኮቱም ሁሉ ተከፈተ።

እንዲህ መቸኮላችን ያለ ምክንያት አልነበረም። ብዙ ሰው ቤንዚንን እንደ ላምባ ይቈጥረዋል። ላምባ ግን ካልሞቀ ትነቱ በቀላሉ እሳት አይይዝም፤ የቤንዚን ትነት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚደርስ ብርድ እንኳ ይቀጣጠላል፤ ስለዚህ የጅማ ክረምት ቅዝቃዜ ምንም አያድነንም። ይልቁንም የሚያስፈራው ትነቱ ከአየር ሦስት ወይም አራት እጅ የሚከብድ መሆኑ ነው። ወደ ጣራ ወጥቶ አይበተንም፤ እንደ ውኃ በወለሉ ላይ እየተንሸራተተ ዝቅ ያለውን ቦታ ይፈልጋል። የእኛ የቡና ምድጃ ደግሞ የሚቀመጠው በወለል ላይ ነው። የፈረንጅ ምድጃ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ የኛ እሳት ግን ትነቱ በሚሄድበት መንገድ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል።

የጥፋቱ መጠንም ቀላል አይደለም። በደቂቃ አንድ ሚሊ ሊትር ብቻ ቢፈስ፥ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ጧቱ አንድ ሰዓት 720 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ቤንዚን ከባሕር ማዶ በሚመጣበት አገር ይህን ያህል ለጨርቅ ማጠጣት ያሳዝናል።

እንግዲህ ነገሩ ከወዴት ይመጣል? ካርቡራቶር ቤንዚንን ከአየር ጋራ አደባልቆ ለሞቶሩ የሚያቀርብ ዕቃ ነው። ከሥሩ ትንሽ ጽዋ አለችው፤ በጽዋዋ ውስጥ ተንሳፋፊ አለ። ቤንዚኑ ከላይ ሲወርድ ተንሳፋፊው ይነሣል፥ ሲነሣም አንዲት መርፌ ወደ ላይ ገፍቶ ቀዳዳውን ይዘጋል። በጣራችን ላይ ያለው የውኃ ጋን ሲሞላ ራሱን የሚዘጋው በዚሁ ብልሃት ነው። በ1893 ዓመት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ጀርመናዊው ቪልሄልም ማይባኽ የሠራው ካርቡራቶርም ተንሳፋፊ ነበረው። አዲሶቹ ሞቶሮች ነዳጁን በኤሌክትሪክ መርጫ ስለሚረጩ ይህ ነገር አይነካቸውም፤ በገጠሩ መንገድ የሚመላለሱት አሮጌዎቹ ግን ገና ብዙ ናቸው።

መርፌዋ በመቀመጫዋ ላይ በደኅና ካልተቀመጠች ጽዋዋ ሞልታ በቱቦዋ ይፈሳል። መርፌዋን የሚከለክላት አብዛኛውን ጊዜ ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጥ ቈሻሻ ነው። በቡና ከተሞች ቤንዚን በላስቲክ ጠርሙስ ከመንገድ ዳር ሲገዛ፥ ቀዩ አፈርና ጥቂት ውኃ አብሮ ይገዛል። በክረምትም ግማሽ ጐዶሎ ሆኖ የሚያድር የቤንዚን ጋን በውስጡ ያልበዋል፤ ያም ዝገት ይሆንና ወደ ታች ይወርዳል።

ነገር ግን ከመፍታት በፊት የሚፈሰው ከየት እንደ ሆነ ማየት ይገባል። ሞቶሩን በቀዘቀዘ ጊዜ፥ ከእሳት ርቆ፥ በደረቅ ሜዳ ላይ ቀጥ አድርጎ አቁሞ፥ ሁሉን በጨርቅ አድርቆ፥ የቤንዚኑን መዝጊያ ከፍቶ መመልከት ነው። ከላይኛው ጎማ ቱቦ የሚረጥብ እንደ ሆነ ቱቦው ተሰነጣጥቋል፥ ይለወጥ። በጽዋዋ አንገት ዙሪያ የሚያልብ እንደ ሆነ ጓርኒሲዮኑ አርጅቷል። ከታች ካለችው ማፍሰሻ ብሎን የሚወርድ ቢሆን ብሎኗ ላልታለች። ከተንጠለጠለችው ቀጭን ቱቦ የመጣ እንደ ሆነ ግን መርፌዋን ወይም ተንሳፋፊውን ጠርጥሩ። ሞቶሩ በጐን መቆሚያው አጋድሎ ሲቆም ብቻ የሚፈስ፥ ቀጥ ሲል የሚያቆም ከሆነም አቋቋሙ ብቻ ሊሆን ይችላል።

የወዳጄ ከቀጭኗ ቱቦ ነበር። በመጀመሪያ ጽዋዋን በካቻቢቴ እጀታ ቀስ አድርገን መታ መታ አደረግናት፤ ቅንጣት ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ይወድቅ ነበር። አልቆመም። መዝጊያውን ዘግተን በማፍሰሻዋ ቤንዚኑን ወደ ብርጭቆ አወረድነው፤ ጥቂት ቢቆይ ከሥሩ ውኃና ቀይ ደለል ተኝቶ ታየ። ጽዋዋ ስትፈታም አስቀድሞ የነካት ሰው የጓርኒሲዮኑን ቦታ በሲሊኮን እንደ ለጠፈው አየን። ሲሊኮን በቤንዚን ይለሰልሳል፥ ቍራጩም ተነቅሎ ቀጫጭኖቹን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ማንም ያድርገው ማን፥ ይህን ያደረገ ሰው ቀዳዳ ደፍኖ ሌላ ደዌ አስገብቷል።

ተንሳፋፊውን ከጆሮ አጠገብ ነቅነቅ አድርገን ሰማነው፤ ቤንዚን ቢገባበት ኖሮ ይንቦጫቦጭ ነበር። ደኅና ነው። የመርፌዋ ጫፍ ግን እንደ ቀለበት ዙሪያውን ተበልቷል። እንዲህ የሆነችን መርፌ ማሸት ከንቱ ነው፤ በአዲስ ትለወጣለች። መቀመጫዋ ነሐስ ስለሆነ በብረት አልፋቅናትም፥ በጥጥ ብቻ አጠራናት። አዲሷን መርፌ ካገባን በኋላ ካርቡራቶሩን ገልብጠን በቤንዚኑ መግቢያ እፍ አልን፤ ትንፋሽ አላልፍ አለ። ቀጥ ስናደርገው አለፈ። መዝጋቷ በዚህ ታወቀ።

አንድ ነገር ግን ልንረሳው ነበር። የሚፈሰው ቤንዚን ሁሉ ወደ ውጭ አይወጣም፤ ከፊሉ ወደ ሞቶሩ ሆድ ይገባል፥ ዘይቱንም ያቀጥነዋል። የዘይቱን መለኪያ መዝዘን ብናሸተው ቤንዚን ቤንዚን አለ፤ መጠኑም ከልኩ በላይ ነበር። ዘይቱ ሳይለወጥ ሞቶሩ እንዳይነሣ ተስማማን፥ በማግሥቱም ተለወጠ።

በዚያች ሌሊት ሞቶሩ መዝጊያው ክፍት ሆኖ በበረንዳው አደረ፤ ከቱቦዋም ሥር ደረቅ ብርጭቆ ተቀመጠ። ጧት እመቤቲቱ ብርጭቆውን አንሥተው ለብርሃን አሳዩት፤ ደረቅ ነው። ከዚያ ወዲህ መዝጊያው ማታ ማታ ይዘጋል፥ ሞቶሩም ከበረንዳው አያልፍም፤ ወዳጄ ስለ ሌባ ቢያጕረመርምም፥ ለሰንሰለት የሚሆን ቀለበት በግድግዳው ላይ ያስተከሉት እርሳቸው ናቸው።