ቁስሉን የሚያጥበው ማነው?

ለእኛ ለነርሲንግ ተማሪዎች ትልቁ ሥራ የሚጀምረው ቀዶ ጥገናው ሲያልቅ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም፡፡ ሐኪሙ ሰፍቶ ይወጣል፤ የሚቀጥሉት ሳምንታት ግን የነርስ፣ የቤተሰብና የጎረቤት ናቸው፡፡ በዚህች አጭር ጽሑፍ ላነሳ የፈለግሁት ብዙዎቻችን አፋችንን ሞልተን የማንናገረውን ጉዳይ ነው፡፡ ስትወለድ ወንድ ተብላ በኋላ ግን ሴት ሆና የምትኖር ትራንስጀንደር ሴት ጡት የማስተለቅ ቀዶ ጥገና አድርጋ ብትመጣ፣ እስክታገግም ማን ያስታምማታል? የኔ መልስ አጭር ነው፤ እኛ፡፡

“ኧረ እዚህ አገር እንዲህ ያለ ነገር የለም” የሚል አይጠፋም፡፡ እርግጥ ነው፣ ሆስፒታሎቻችን ይህን ሕክምና ለዚህ ዓላማ አይሰጡም፡፡ ሰው ግን ይሄዳል፣ ይመለሳል፡፡ ኢትዮጵያውያን በዋሽንግተንም፣ በቶሮንቶም፣ በስቶክሆልምም ይኖራሉ፤ ከነሱ መካከልም ትራንስጀንደር የሆኑ አሉ፡፡ ከልዩ ልዩ አገር ሰዎች ለዚሁ ቀዶ ጥገና ወደ ባንኮክ ይጎርፋሉ፡፡ ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ እናትን ለመጠየቅ ወደ አገር ቤት የገባ ሰው ሰውነቱን አየር ማረፊያ ጥሎ አይመጣም፡፡ የዚህ ቀዶ ጥገና ጣጣ ደግሞ በሳምንትም፣ በዓመትም፣ በ10 ዓመትም ሊመጣ ይችላል፡፡

ነገሩ አዲስ የመጣ ጉድ አይደለም፡፡ የመጀመሪያው የሲሊኮን ጡት እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካ በሂውስተን ከተማ ቶማስ ክሮኒንና ፍራንክ ጄሮው በተባሉ ሐኪሞች ተተከለ፡፡ ከዚያ ወዲህ በካንሰር ጡታቸውን ያጡ ሴቶችም፣ ለውበት የፈለጉትም፣ ትራንስጀንደር ሴቶችም ተጠቅመውበታል፡፡ የሦስቱም ቁስል አንድ ዓይነት እንክብካቤ ይፈልጋል፡፡

ማገገሙ ምን ይመስላል? በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደረት ይወጠራል፣ ያብጣል፣ ይጠቁራል፡፡ ሲሊኮኑ ከጡንቻ ሥር ከገባ ሕመሙ ይበረታል፡፡ አንዱ ጡት ከሌላው ተለይቶ በድንገት ካበጠና ከጠነከረ ውስጥ ደም ተጠራቅሞ ይሆናል፤ ለነገ የሚባል ነገር አይደለም፡፡ ትኩሳት፣ መቅላት፣ ከስፌቱ የሚወጣ መግል ከታየ ደግሞ ኢንፌክሽን ነው ብለን እንጠረጥራለን፤ ሲሊኮኑ ከተመረዘ ብዙ ጊዜ ማውጣት ግድ ይሆናል፡፡ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላም ሰውነት በሲሊኮኑ ዙሪያ የሚሠራው ጠባሳ እየጠበበ ጡቱን ሊያደድረው ይችላል፡፡

ትራንስጀንደር ሴት ላይ የሚለዩ ነገሮችም አሉ፡፡ ደረቷ ሰፋ፣ ጡንቻዋ ወፈር ሊል ይችላል፡፡ ብዙዎቹ ኤስትሮጅን ይወስዳሉ፡፡ ይህ ሆርሞን፣ በተለይ በሚዋጥ መልኩ ሲወሰድ፣ ደም የመርጋት አደጋን ከፍ ሊያደርግ ይችላል፡፡ ስለዚህ የአንድ እግር ማበጥ ወይም ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ሲታይ ነርሷ ስለ ሆርሞኑ ማወቅ አለባት፡፡ በሽተኛዋ ፈርታ ከደበቀችን፣ ደብቃ የምትሞተው እሷ ናት፡፡ እ.ኤ.አ. በ2019 ቢ.ኤም.ጄ. በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የኔዘርላንድ ጥናትም ሆርሞን የሚወስዱ 2260 ትራንስጀንደር ሴቶችን መዝገብ አይቶ 15 የጡት ካንሰር አግኝቷል፤ ይህም ከሌሎች ሴቶች ያነሰ ከወንዶች ግን የበለጠ ነው፡፡ እንግዲህ ጡቷ ላይ እብጠት አገኘሁ ብላ የመጣችን ሰው በሳቅ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ፍረዱ፡፡

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ፡፡ ለበሽተኛዋ የሚሰጣት ምክር “ለ4 እስከ 6 ሳምንት ከባድ ዕቃ አታንሺ፣ ክንድሽን ከትከሻ በላይ አታድርሺ፣ በጀርባሽ ተኚ” የሚል ነው፡፡ በወረቀት ላይ ቀላል ነው፡፡ ገላን ውስጥ በተከራየ አንድ ክፍል ቤት ለሚኖር ሰው ግን ይህ ምን ማለት ነው? 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፡፡ ልብስ ማስጣት፣ ፀጉር መሠራት፣ ሚኒባስ ላይ ተንጠልጥሎ መግባት፣ ሁሉም ክንድ ይፈልጋል፡፡ ስለዚህ ማገገም ለብቻ የሚሠራ ሥራ አይደለም፣ ሌላ ሰው ይፈልጋል፡፡

በእኛ አገር ደግሞ ይህ ሌላ ሰው ሞልቷል፡፡ አጥሚት የሚያመጣ ጎረቤት፣ ብርቱካን ይዞ የሚመጣ ጠያቂ፣ ውሃ የሚቀዳ ዘመድ፡፡ ግን የጠያቂ የመጀመሪያ ጥያቄ “ምን ሆነሽ ነው?” የሚል ነው፡፡ መልሱን መናገር የማትችል ሰው አጥሚቱም ይቀርባታል፡፡ በሯን ዘግታ፣ ጀሪካኑን ራሷ ተሸክማ፣ ስፌቷ ሲከፈትም ዝም ትላለች፡፡ ለዚህች ሰው ከጎረቤት ሁሉ የቀረች አንዲት ጎረቤት ብትኖር ነርስ ናት፡፡

“ባህላችንና ሃይማኖታችን አይፈቅድም፣ ሕጉም አለ” የሚለውን ክርክር አልንቀውም፡፡ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን እንደሚያስቀጣ የታወቀ ነው፤ ሰዎች የሚደበቁበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፡፡ ሆኖም ያው ሕግ የበሽተኛን ምስጢር የሚያባክን ባለሙያንም ያስቀጣል፡፡ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን መብት አድርጎታል፡፡ ሃይማኖትን ካነሳን ደግሞ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የታመመን መጠየቅን ያስተምራሉ፤ የትኛውም ቢሆን መጀመሪያ የሕመሙን ዓይነት አጣሩ አላለንም፡፡ እምነቱን እንዲለውጥ ማንንም አልጠየቅሁም፡፡ የጠየቅሁት ቁስሉ እንዲታጠብ ነው፡፡

“የአእምሮ በሽታ ነው” ለሚሉም፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ይህን ከአእምሮ ሕመሞች ክፍል አውጥቶታል፡፡ ደግሞስ ቢሆንስ? የአእምሮ ሕመምተኛ ቁስል አይታሸግም እንዴ?

ታዲያ ምን ይደረግ? እንደኔ እንደኔ ትምህርት ክፍላችን ሦስት ነገሮችን ቢያደርግ መልካም ነው፡፡ አንደኛ፣ ጡቷ በካንሰር የተቆረጠ ሴትን እንዴት እንደምንንከባከብ ስንማር ሲሊኮን የተተከለላትንም አብረን እንማር፤ ጨመር የሚለው የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ነው፡፡ ሁለተኛ፣ ሦስት ጥያቄዎችን መጠየቅ እንልመድ፤ መቼና የት ተሠራ? ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? የሲሊኮኑ ካርድ አለ? የካርዱ ነገር ቀላል አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2010 የፈረንሳይ መንግሥት ፒ.አይ.ፒ. የተባለውን ኩባንያ ምርት ከገበያ ያስወጣው ለሕክምና ባልተፈቀደ የኢንዱስትሪ ሲሊኮን ተሞልቶ በመገኘቱ ነው፡፡ በ2019 ደግሞ አለርጋን ገጻቸው ሻካራ የሆኑትን ምርቶቹን ብርቅ ከሆነ የሊምፍ ካንሰር ጋር በመያያዛቸው ሰብስቧል፡፡ ካርድ ከሌለ በደረቷ ውስጥ የትኛው እንዳለ ማወቅ አስቸጋሪ ነው፡፡

ሦስተኛው የአነጋገር ነገር ነው፡፡ አማርኛችን ገና አፍ ሲከፈት “ምን ሆንክ” ወይ “ምን ሆንሽ” ያሰኛል፤ ጾታ ሳይጠሩ አንድ ግሥ መናገር ይቸግራል፡፡ ካርዱ ላይ የወንድ ስም፣ ፊት ለፊት ሴት ስትቆም ተማሪ ይደናገጣል፣ ከዚያ ይስቃል፡፡ መውጫውን ግን አባቶቻችን ትተውልናል፤ “እርስዎ” ነው፡፡ “የት ያምዎታል? መቼ ጀመረዎት?” ሲባል ወንድ ሴት የለበትም፣ ክብር ብቻ ነው ያለው፡፡ ከዚያ በኋላ “ማን ብዬ ልጥራዎት?” ብሎ መጠየቅ ነው፤ ያሉንን ስም መጥራት ደግሞ ምንም አያስከፍልም፡፡

ነገ ተመርቀን አንዳችን ጥሩነሽ ቤጂንግ፣ አንዳችን ጥቁር አንበሳ፣ አንዳችን የቀበሌ ጤና ጣቢያ እንመደብ ይሆናል፡፡ እንዲህ ያለች በሽተኛ በአሥር ዓመት አንዴ ብትመጣም ለሷ ያ ቀን ብቸኛው ቀን ነው፡፡ ጓንታችንን አድርገን መጋረጃውን ስበን ከጀመርን የቀረውን የተማርነው ትምህርት ይመራናል፡፡

ቸር ይግጠመን፡፡