የጄን ነፃነትና የበርታ ገንዘብ

ሰሞኑን በዶርሚተሪያችን አንድ ክርክር ተነሥቶ እስከ እኩለ ሌሊት አላስተኛንም። መነሻው የሻርሎት ብሮንቴ «ጄን ኤይር» ነበር። ሥነ ጽሑፍ የሚያጠናው ጓደኛችን፣ ጄን ያለ ማንም እርዳታ በገዛ ጥረቷ ነፃ የወጣች ሴት ናት፤ ስለ ሴቶች እኩልነት የሚጻፈው ሁሉ ከእርሷ ሊጀምር ይገባል ሲል ተከራከረ። ሁላችንም ልንቀበለው ምንም አልቀረን። በማግሥቱ ግን በምግብ አዳራሹ አንዲት የክፍላችን ተማሪ ወሬውን ሰምታ «ለመሆኑ ገንዘቡን ማን ከፈለ?» ብላ ጠየቀችን። ሳቅንባት። ይህን የምጽፈው ከሳቁት አንዱ እኔ ስለሆንኩ ነው።

መጽሐፉን ላላነበበ፣ ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ጄን ወላጆቿ የሞቱባት ድሀ ልጅ ናት። ቶርንፊልድ በሚባል ትልቅ ቤት በዓመት 30 ፓውንድ ደመወዝ የቤት አስተማሪ ሆና ትቀጠራለች። ከቤቱ ጌታ ከሮቸስተር ጋር ይዋደዳሉ፤ ዳሩ ግን በሠርጋቸው ዕለት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደ ቆሙ ሰውየው ሚስት ያለው መሆኑ ይገለጣል። ሚስቲቱ ከጃማይካ የመጣችው በርታ ሜሰን ናት፤ አብዳለች ተብላ እዚያው ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቈልፎባት ትኖራለች። ጄን ትሸሻለች። ቈይቶ ከአጎቷ ሀብት ትወርሳለች፤ በርታም ቤቱን አቃጥላ ከጣሪያው ተወርውራ ትሞታለች፤ ከዚያ በኋላ ጄን ተመልሳ፣ በእሳቱ ዓይኑ የጠፋውን ሮቸስተርን ታገባለች።

እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራ። የሮቸስተር አባት ርስቱን ሁሉ ለታላቅ ልጁ ለማውረስ ስለ ቈረጠ ታናሹን በሀብታም ሚስት ሊያቋቁመው አሰበ። በርታ 30,000 ፓውንድ ይዛ መጣች። (በእኛ አገር ጥሎሽ የሚመጣው ከወንዱ ወገን ስለሆነ ነገሩ ግር ይለናል፤ በእንግሊዞቹ ዘንድ ግን ገንዘብ ይዛ የምትገባው ሴቲቱ ነበረች።) ይህ ገንዘብ በጄን ደመወዝ ቢተመን የአንድ ሺህ ዓመት ሥራ ነው። የበርታ አባት በጃማይካ የእርሻ ባለቤትና ነጋዴ ነው፤ የጃማይካ እርሻ በማን ጉልበት ሲለማ እንደኖረ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልግም። የእንግሊዝ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1833 ባርነትን የሚያስቀረውን ሕግ ሲያወጣ እንኳ የካሣውን 20 ሚሊዮን ፓውንድ የመደበው ለባሪያዎቹ ሳይሆን ለጌቶቻቸው ነበር።

የጄንስ ውርስ? 20,000 ፓውንድ የተወላት አጎቷ በማዴይራ ደሴት ነጋዴ ሲሆን፣ ለዚያው ለሜሰን የንግድ ቤት ወኪል ሆኖ ሠርቷል። ጄን ገንዘቡን ከአክስቷ ልጆች ጋር ለአራት ተካፍላ ለራሷ 5,000 ብቻ ታስቀራለች። ልግስናዋ እውነተኛ ነውና አላጣጥለውም። ይሁንና በገዛ ጥረቷ ነፃ ወጣች የሚለው የጓደኛችን ነገር እዚህ ላይ ይሰናከላል።

ቨርጂኒያ ዉልፍ ገንዘቡን አልረሳችም። እ.ኤ.አ. በ1929 ባሳተመችው «የራስ ክፍል» ውስጥ፣ ሴት ልብ ወለድ እንድትጽፍ ገንዘብና የራሷ ክፍል ያስፈልጋታል አለች። ስለ ሴት ተፈጥሮ ብዙ ሲያወሩ ለኖሩት ወንዶች ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ ተራኪዋ በዓመት 500 ፓውንድ የምታገኘው ቦምቤይ ላይ ከፈረስ ወድቃ ከሞተች አክስቷ ነው። ማዴይራ፣ ጃማይካ፣ ቦምቤይ! ገንዘቡ ሁልጊዜ በመርከብ ይመጣል።

ዉልፍ «ጄን ኤይር»ንም ትተቻለች። በ12ኛው ምዕራፍ ጄን ጣሪያው ላይ ወጥታ አድማሱን እያየች ሴቶችም እንደ ወንዶች የሚሰማቸው፣ ችሎታቸውን የሚያሳዩበት መስክ የሚያሻቸው መሆናቸውን ትናገራለች። ወዲያው አንድ ሳቅ ይነሣል። ጄን የግሬስ ፑል ሳቅ ይመስላታል፤ በእውነቱ ግን ግሬስ ጠባቂ ናት፣ የምትስቀው በርታ ናት። ዉልፍ ይህን መገጣጠሚያ ሸካራ ነው ትላለች፤ የደራሲዋ ቊጣ ሥራዋን እንዳጣመመባትም ትፈርዳለች። በበኩሌ ዉልፍ እዚህ ላይ ተሳስታለች እላለሁ። አንዲት ሴት ስለ ሴቶች ሁሉ ስትናገር ከግድግዳው ወዲያ ያለችው ትስቃለች። ከመጽሐፉ ሁሉ እውነተኛው ገጽ ይህ ነው።

ሳንድራ ጊልበርትና ሱዛን ጉባር እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጡት ትልቅ መጽሐፍ በርታን የጄን የታፈነ ቊጣ አድርገው አነበቧት፤ ጄን ልታደርገው የማትደፍረውን በርታ ታደርግላታለች። ብልህ ንባብ ነው፤ እኔም ብዙ ተምሬበታለሁ። ግን በርታ የሌላ ሴት ቊጣ ብቻ ከሆነች የራሷ ቊጣ የት ገባ? ጋያትሪ ስፒቫክ እ.ኤ.አ. በ1985 የተቃወመችው በዚህ በኩል ነው፦ የእንግሊዟ ሴት ሰው እንድትሆን የቅኝ ግዛቲቱ ሴት መቃጠል ነበረባት። ከሁለቱም ወገን ቀድማ፣ እ.ኤ.አ. በ1890 በዶሚኒካ ደሴት የተወለደችው ጂን ሪስ በ1966 «ሰፊው የሳርጋሶ ባሕር»ን አሳትማ ለበርታ አፍ ሰጥታት ነበር። በዚያ ልብ ወለድ በርታ የሚለውን ስም የሚለጥፍባት ባሏ ነው፤ ስሟ አንቷኔት ነው።

ጓደኛችን ሮቸስተርን ለመከላከል ሕጉን ጠቀሰ። እብደት በእንግሊዝ አገር ለፍቺ ምክንያት የሆነው እ.ኤ.አ. በ1937 በወጣ ሕግ ነውና ሰውየው ምን ያድርግ አለን። ልክ ነው። ነገር ግን ያገባች ሴት ንብረቷን በሙሉ እንደ ራሷ አድርጋ እንድትይዝ የተፈቀደውም በ1882 ሕግ ነው። መጽሐፉ ሲታተም፣ በ1847፣ ልዩ ውል ካልታሰረለት በቀር የሚስት ገንዘብ የባል ይሆን ነበር። ስለዚህ የበርታ 30,000 ብቻ ሳይሆን ጄን ነፃ ሆኜ መጣሁ ብላ ይዛው የተመለሰችው 5,000ም በጋብቻው ዕለት ወደዚያው ኪስ ሊገባ ይችል ነበር። ሕጉ ሁለቱን ሴቶች አልለያቸውም፤ የለያየናቸው እኛ አንባቢዎች ነን።

ያቺን የክፍላችንን ተማሪ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። እርሷም በበኩሏ 27ኛውን ምዕራፍ ገልጣ አንድ ቊጥር አሳየችኝ፦ ሮቸስተር በርታን ለምትጠብቀው ለግሬስ ፑል በዓመት 200 ፓውንድ እከፍላለሁ ይላል። አስተማሪዋ 30፣ ጠባቂዋ 200። ስለ ግሬስ ፑል የጻፈ ተማሪ ግን በዚህ መጽሔት እስካሁን አላየሁም።