ከተኩስ በኋላ ቀለሁ ወዴት ይሄዳል?

መቼም ስለ ጥይት ሲነገር ሰው ሁሉ አሳቡን የሚጥለው ዒላማውን በመታው እርሳስ ላይ እንጂ ከተኳሹ እግር ሥር በወደቀው ቀለህ ላይ አይደለም። ይሁን እንጂ ቀለህ አብዛኛውን ጊዜ ከመቶው 70 እጁ መዳብ፣ 30 እጁ ዚንክ የሆነ ናስ ነው። አንድ ሺህ የኤም 16 ጠመንጃ ቀለህ 6 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። የመድፉንማ ቀለህ በአገራችን ተሰቅሎ ደወል ሲሆን ያየ አይጠፋም።

የጠመንጃው ቀለህ ቀልጦ ተራ ናስ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ካፕሱሉ ተለውጦ፣ ባሩድና እርሳስ ገብቶለት እንደገና ጥይት ይሆናል። ክርክር የሚያስነሣው ይኸው ሁለተኛው ነው። በ2001 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 2009) የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የንብረት ማስወገጃ ክፍል፣ ከመለማመጃ ሜዳ የተለቀመ ቀለህ ሳይጨፈለቅ እንዳይሸጥ አዘዘ። ምክንያቱ ጥንቃቄ ነበር። ነገር ግን ቀለህ እየገዙ ጥይት የሚሞሉ ነጋዴዎች ጮኹ፤ የተጨፈለቀው በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ስለሚሄድ መንግሥትም ይከስራል ተባለ። የሞንታና ተወካዮች የሆኑት የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላት ማክስ ባውከስና ጆን ቴስተር ደብዳቤ ጻፉ፤ ትእዛዙም በመጋቢት ወር ተሻረ።

ነጋዴው ስለ ዋጋ መጮኹ አያስደንቅም። ለእኔ ግን ከዋጋው ይልቅ የሚበልጠው ቁጥሩ ይመስለኛል። የጃፓን የመከላከያ ኃይል በልምምድ ጊዜ የተተኮሰውን ቀለህ እየቆጠረ ይረከባል፤ አንድ ቢጎድል ፍለጋ ይደረጋል። ነገሩ የንፍገት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን መቶ ጥይት ተቀብሎ ሰማንያውን ተኩሶ ሃያውን በኪሱ የሚያስቀር ሰው፣ የጓደኛውን ካልለቀመ በቀር፣ መቶ ቀለህ ከየት ያመጣል? እርግጥ ነው፣ በጦርነት መካከል ይህን ቆጠራ የሚያስብ የለም።

ሌላም አደጋ አለ። ከቀለሁ ክምር ውስጥ አንድ ያልተተኮሰ ጥይት ተደብቆ ቢቀር ማቅለጫው ዘንድ ይፈነዳል፤ የሚጎዳውም ወታደሩ ሳይሆን በምድጃው አጠገብ የቆመው ሠራተኛ ነው። ስለዚህ በአሜሪካ ጦር ደንብ አንዱ መርማሪ ክምሩን በሙሉ ካየ በኋላ ሌላው ደግሞ ለብቻው እንደገና በሙሉ ያየዋል፤ ሁለቱም ይፈርማሉ። ቀለህ በኪሎ የሚሸጥ ዕቃ ነውና ሚዛን ብቻ ያመነ ንብረት ክፍል ግን ያንን አንድ ጥይት እንደ ናስ መዝኖ ያስረክበዋል።