የቤተ ሰብ ምክር፤ ስለ ተጐዳ ክንድ ካሣ

ወደ ጅማ በሚወስደው ጐዳና ላይ ያለችው ወልቂጤና ወደ ሆሳዕና በሚወስደው ጐዳና ላይ ያለችው ቡታጅራ ገበያቸው የደመቀ፥ መኪናና ባጃጅ የሚተላለፍባቸው ከተሞች ናቸው። በእግሩ ገበያ የወጣ ሰው በሰው ሸክም ወደ ቤቱ የሚመለስበት ቀን አይታጣም። ዛሬ የምንናገረው ግን ስለ ቁስሉ አይደለም፤ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ስለሚቀረው ጉዳት፥ ይኸውም ሠርቶ ማደር ስለ መሳን ነው።

ደመወዝ ያለው ሰው ቢጐዳ የሚያጣው ገንዘብ በመዝገብ ተጽፎ ይገኛል። ነገር ግን በጉራጌ አገር እንሰት የምትፍቅ ሴት ደመወዟ በየትኛው መዝገብ ተጽፏል? ክንዷ ተሰብሮ ሳይቃና ቢቀር ቆጮው ከማን እጅ ይወጣል? በችሎት ጸሐፊነት ስንኖር ባል ራሱ ቀርቦ «የቤት ሴት ናት፤ ሥራ የላትም» ብሎ ቃሉን ሲሰጥ ሰምተን ጽፈናል። በዚህች በአንዲት ቃል የቤቱን ጉርሥ ከሒሳብ አወጣው።

ሕጉ ግን እንደዚህ አይልም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2091 ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ይላል። በቁጥር 2092 ደግሞ ወደ ፊት መድረሱ የተረጋገጠ ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ ይካሣል ይላል። ልኩ በትክክል ሊታወቅ ባልቻለ ጊዜም በቁጥር 2102 መሠረት ዳኛው በርትዕ ይቈርጠዋል። ስለዚህ ደመወዝ የለም ማለት ካሣ የለም ማለት አይደለም።

ሆኖም ዳኛ ያልቀረበለትን ነገር ሊመዝን አይችልም። ሴቲቱ ለቤት ምን ያህል ትሠራ፥ ለገበያስ ምን ያህል ታወጣ እንደ ነበረ ጎረቤት ይመስክር። ዘላቂው ጉዳት ከመቶ ስንት እንደ ሆነ ሐኪም ይጻፍ። በእርሷ ፈንታ ለምትሠራ ሴት የሚከፈለውም ይታወቅ። ለምሳሌ በወር 2,000 ብር ቢከፈል በዓመት 24,000 ብር፥ በ15 ዓመትም 360,000 ብር ይሆናል። ይህ የሒሳቡን መንገድ ለማሳየት ነው እንጂ የተቈረጠ ዋጋ አይደለም። ይህን ያላሰበ ቤተ ሰብ ግን ለመድኃኒት ያወጣውን ብቻ ተቀብሎ ይመለሳል።

ዕርቅን አንነቅፍም። የሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ቂጫ የሚባል የከበረ የአባቶች ሥርዓት አለው፤ ሽምግልናም ቂምን ያርቃል። ነገር ግን በቁጥር 3312 መሠረት በሕግ የጸና የዕርቅ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቈጠራል። ስለዚህ ቁስሉ ሳይጠግ፥ ክንዱም ለሥራ ይመለስ አይመለስ ሳይታወቅ በውል ላይ ጣት ማሳረፍ አይገባም። አስቀድሞ ሐኪም፥ ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ይሁን።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይባላል። ነገር ግን ሕጉ በቁጥር 2143 ተበዳዩ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ክሱን እንዲያቀርብ ያዝዛል፤ ጉዳቱ ከወንጀል የመጣ ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ ከዚህ የረዘመ ካልሆነ በቀር ቀኑ ካለፈ ልብ ቢያስታውስም ችሎት አይሰማም።

እናንተ ማንበብና መጻፍ የታደላችሁ ወገኖቻችን ሆይ፤ ጎረቤታችሁ አቤቱታ ጻፉልኝ ብሎ በመጣ ጊዜ «የሚስትህ ሥራ ምን ነበረ?» ብላችሁ ጠይቁት። «የላትም» ቢላችሁም ብዕራችሁን አኑሩና፥ ትናንት የበላውን ማን እንዳዘጋጀለት ደግማችሁ ጠይቁት።